የጓሮ ዶሮ እርባታ በየቲም ቤት፦ ከ21 ቀን በኋላ ያለው አደራ

(በወሎ ሰፈር ለለጋሾችና ለየቲም ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

 



ዛሬ የምንነጋገርበት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ከዚህ መድረክ ዝቅ ያለ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል፤ ስለ ዶሮ፣ ስለ እንቁላልና በቤት ውስጥ ስለሚሠራ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሣጥን ነውና። ይሁን እንጂ «ለየቲም ቤተሰቦች ዶሮ እንግዛላቸው» የሚለው ሐሳብ ከለጋሾች ዘንድ በተደጋጋሚ ይሰማል። እጃቸው የቀና ወጣቶችም «ማስፈልፈያውን እኛ ሠርተን እንስጣቸው» ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። መልካም ሐሳብ ግን ዕውቀት ካልታከለበት ለየቲሙ ቤት ባዶ ቆጥ ብቻ ትቶለት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብንመለከተው ይጠቅመናል።

የቲም ማለት በሸሪዓ ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱን ያጣ ልጅ መሆኑ የታወቀ ነው። ቁርኣን፣ በተለይም በሱረቱ-ን-ኒሳእ፣ የየቲምን ገንዘብ በግፍ መብላትን በብርቱ ያስጠነቅቃል። ዑለማዎቻችንም ጥበቃው ሁለት መልክ እንዳለው ያስተምሩናል፤ አንደኛው ገንዘቡ እንዳይነካ መጠበቅ ሲሆን ሁለተኛው እንዲያድግ መትጋት ነው። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የየቲም ገንዘብ ዝም ብሎ ተቀምጦ ዘካ እየቀነሰው እንዳያልቅ በንግድ እንዲንቀሳቀስ መምከራቸው በኪታቦች ተዘግቧል። በመሆኑም ለየቲም የሚረባ ሀብት መፈለግ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከቀደምቶቻችን የወረስነው ሥርዓት ነው።

ይህን ሥርዓት በግልጽ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ከአንሷር የሆነ ሰው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ እርዳታ ጠየቀ። በቤቱ የነበረው አንድ ምንጣፍም ልብስም የሆነ ጨርቅና አንድ የውኃ መጠጫ ዕቃ ብቻ ነበር። ነቢዩም ሁለቱን አስመጥተው በጨረታ በሁለት ዲርሃም ሸጡለት። በአንዱ ዲርሃም ለቤተሰቡ ምግብ እንዲገዛ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲያመጣ አዘዙት። እጀታውን በገዛ እጃቸው ገጠሙለትና እንጨት እየለቀመ እንዲሸጥ፣ ለ15 ቀናትም እንዳይመለስ ነገሩት። ሰውየው አሥር ዲርሃም አፍርቶ ተመለሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለውን ቅደም ተከተል ልብ እንበል። የመጀመሪያው ዲርሃም የዋለው ለምግብ ነው። መሣሪያው የመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን እርሱም ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ተሰጠ። በመጨረሻም የመገናኛ ቀን ተቆረጠ። ዛሬ ለየቲም ቤተሰብ ዶሮ ስንሰጥ ከእነዚህ ሦስቱ የትኛውን እንደምናጓድል ራሳችንን እንጠይቅ። ለተራበ ቤት የተሰጠች ቄብ ሳምንት ሳይሞላት ብትታረድ ጥፋቱ የእናቲቱ አይደለም፤ የምግቡ ዲርሃም ቀድሞ አልተሰጣትምና።

አሁን ወደ ዶሮዋ እንምጣ። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ገደማ ትጥላለች። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከብዙዎቹ የፈረንጅ ዝርያዎች የጠፋ ስጦታ አላት፤ ይኸውም መታቀፍ ነው። ከ10 እስከ 12 እንቁላል ታቅፋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን እያሞቀች፣ ምግብ እያሳየች፣ ከጭልፊትና ከድመት እየተከላከለች ታሳድጋለች። ለዚህ ሁሉ መብራትም ሆነ ቴርሞሜትር አያስፈልጋትም። ስለዚህ ለአንዲት ቤተሰብ የመጀመሪያው ማስፈልፈያ ታቃፊ ዶሮ ናት። ሦስት ወይም አራት ሴት ዶሮና አንድ አውራ ያላት እናት ሣጥን ለመሥራት መቸኮል የለባትም።

ሣጥኑ የሚያስፈልገው ብዙ ቤተሰቦች በአንድነት ሲደራጁ ነው። ዶሮዋ ታቅፋ በምትቆይበትና ጫጩት በምታሳድግበት ወራት እንቁላል አትጥልም፤ እንቁላሉ ወደ ሣጥን ከገባ ግን ቶሎ ወደ መጣሏ ትመለሳለች። እንዲሁም 50 እና 60 ጫጩቶች በአንድ ቀን ከተፈለፈሉ በአንድ ቀን ይከተባሉ፣ አንድ ዓይነት መኖ ይበላሉ፣ በአንድ ጊዜም ለገበያ ይደርሳሉ።

የሰው ልጅ ይህን ጥበብ ካወቀው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከ2,300 ዓመት በፊት የኖረው የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ግብፃውያን እንቁላልን በፋንድያ ሙቀት እንደሚያስፈለፍሉ ጽፏል። ከጭቃ ጡብ የተሠሩት የግብፅ ማስፈልፈያ ምድጃዎች በሺህ የሚቆጠር እንቁላል በአንድ ጊዜ ይይዙ ነበር። ሠራተኞቹ ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ እንቁላሉን በዐይናቸው ቆብ ላይ አሳርፈው ሙቀቱን ይለዩ ነበር። ዕውቀቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬዮሚር ይህንኑ ጥበብ በአገሩ ለማስፋፋት ብዙ ደክሟል። እንግዲህ ምድጃው ከጭቃ ቢሠራም ያሠራው የነበረው በሰው ውስጥ ያለው ዕውቀት ነው።

በቤት የሚሠራው ሣጥን አሠራሩ ቀላል ነው። ከኮምፔንሳቶ ተሠርቶ ውስጡ በፎም የተለበጠ፣ ወይም ጠንካራ የፎም ሣጥን ይበቃል። ሙቀቱ የሚገኘው ከድሮው ባለ ክር አምፖል ነው፤ መብራት ቆጣቢዎቹ አምፖሎች በቂ ሙቀት አይሰጡምና ለዚህ አይሆኑም። ሁለት አምፖል ቢደረግ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይደርሳል። አምፖሉን እያበራና እያጠፋ ሙቀቱን የሚጠብቀው ዲጂታል ቴርሞስታት ነው። ሙቀቱን የሚያዳርሰው ደግሞ ከአሮጌ ኮምፒዩተር የወጣ ትንሽ ማራገቢያ ነው። የቴርሞስታቱ የሙቀት መለኪያ ጫፍ በእንቁላሎቹ ቁመት ላይ ይንጠልጠል። ከሥር የውኃ ሣህን ይቀመጣል፤ ከሥርና ከላይ የአየር መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። የሽቦ ሥራውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይመልከተው። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ቀንና ሌሊት ለሦስት ሳምንት ሲሞቅ ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

ማራገቢያ ላለው ሣጥን ትክክለኛው ሙቀት 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ማራገቢያ ከሌለው በእንቁላሉ አናት ላይ ሲለካ ከ38.5 እስከ 39 ዲግሪ ይሁን። እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ደግሞ ከ65 እስከ 70 በመቶ መሆን አለበት። እንቁላል ከመግባቱ በፊት ሣጥኑ ባዶውን ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሠርቶ ሙቀቱ መርጋቱ ይረጋገጥ።

እዚህ ላይ የከተማችንን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ወሎ ሰፈር ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን በፈላ ውኃ የሚፈትን ሰው ይሳሳታል፤ በሚቀልጥ በረዶ ዜሮ ማሳየቱን፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥም ከሕክምና ቴርሞሜትር ጋር መስማማቱን ማየት ይሻላል። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሽሉ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፣ እንቁላሉም ውኃውን ቶሎ ያጣል። በመሆኑም የአየር ቀዳዳዎቹን ከልክ በላይ አናጥብብ፤ የውኃውን ሣህን ደግሞ ሰፋ እናድርገው። እንቁላሉም በዚሁ በደጋው ከኖሩ ዶሮዎች ቢሰበሰብ ይመረጣል።

እንቁላሉ ዘር ያለው መሆን አለበት። ከሱቅ የሚገዛው የፈረንጅ እንቁላል አውራ ከሌለበት እርባታ የሚመጣ ስለሆነ መቶ ቀን ቢሞቅ ጫጩት አይወጣውም። ከስምንት እስከ አሥር ለሚሆኑ ሴቶች አንድ አውራ ይበቃል። እንቁላሉ ከተጣለ ከሰባት ቀን ያልበለጠው፣ ያልተሰነጠቀ፣ ያልታጠበና ፍሪጅ ያልገባ ይሁን፤ እስኪገባም ድረስ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ በቀዝቃዛ ጥላ ይቀመጥ።

ከገባ በኋላ እስከ 18ኛው ቀን እንቁላሉን ማገላበጥ ግዴታ ነው፤ ካልተገላበጠ ሽሉ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። በአንዱ ጎን «አሊፍ»፣ በሌላው ጎን «ባእ» ብለን በእርሳስ ምልክት እናድርግበት። አምስቱ የሰላት ወቅቶች ለዚህ ሥራ የተመቹ ማስታወሻዎች ናቸው። አምስት ጎደሎ ቁጥር በመሆኑም እንቁላሉ ረጅሙን ሌሊት በየተራ በሁለቱም ጎኖች ያድራል። በሰባተኛው ቀን በጨለማ ክፍል በባትሪ ብርሃን ስንመረምረው ሕይወት ያለው እንቁላል የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ይታዩበታል፤ ዘር የሌለው ጠርቶ ይታያል። ጥርት ያሉትን እናወጣለን። ነገር ግን ለአንድ ሳምንት የሞቀን እንቁላል ትኩስ ነው ብሎ ለገበያ ማቅረብ ማታለል ነው። የቲምን እናሳድጋለን ብለን የሰው ሐቅ ውስጥ እንዳንገባ መጠንቀቅ ይገባናል።

መብራት ሲጠፋ መደናገጥ አያስፈልግም። ሣጥኑ እንደተዘጋ በብርድ ልብስ ይሸፈን፤ ቆይታው ከረዘመ የሞቀ ውኃ የተሞሉ ጠርሙሶች ይግቡበት። ሽል ለጥቂት ሰዓታት ቅዝቃዜ ይታገሣል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ግን ቶሎ ይገድለዋል። ለማሞቅ ተብሎ በዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ከቶ አይፈቀድ፤ ጢሱ እንቁላሉን ከማዳኑ በፊት የቤቱን ሰዎች ይገድላል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። በ21ኛው ቀን ጫጩቱ ቅርፊቱን ሰብሮ ሲወጣ የሚያየው ሁሉ «ሱብሓነላህ» ይላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ለለጋሾችም ይላካል። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ከሣጥን የወጣ ጫጩት ከክንፏ ሥር የምታስገባው እናት የለችውም። ሣጥኑ ይፈለፍላል እንጂ አያሳድግም። በአገራችን በልቅ እርባታ ከሚፈለፈሉ ጫጩቶች እናት እያላቸው እንኳ ገደማ እኩሌታዎቹ ሁለት ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። እናት ለሌለው ጫጩትማ ሞግዚቱ ካልነቃ ምን ሊተርፍ ይችላል?

የመጀመሪያው ፍላጎት ሙቀት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። አምፖል ለማይቻልበት ቤት የግብርና ባለሙያዎች የሚያስተምሩት የድርቆሽ ሣጥን አለ፤ ግድግዳው በድርቆሽ ተሞልቶ ጫጩቶቹ የራሳቸውን ገላ ሙቀት እንዲጠብቁ ያደርጋል። ጫጩቶቹ ተጠጋግተው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ከራቁ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው በጸጥታ ከለቀሙ ተስማምቷቸዋል።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ጫጩት እስከ ስምንተኛው ሳምንት ሁለት ኪሎ ግራም ገደማ የጫጩት መኖ ይበላል። እንግዲህ 30 ጫጩት ለማሳደግ ከግማሽ ኩንታል በላይ መኖ አስቀድሞ መታሰብ አለበት ማለት ነው። ፉርሽካና የእንጀራ ፍርፋሪ ለትልልቆቹ ይረዳል፤ ለጫጩት ግን ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛው ክትባት ነው። ፈንግል የሚባለውን በሽታ የማያውቅ ዶሮ አርቢ የለም፤ እንደ ስሙ ፈንግሎ ይጥላል፤ የሞላ ቆጥ በጥቂት ቀናት ባዶ ይሆናል። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም። ክትባቱ ግን በአገራችን፣ በቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ይመረታል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚሆን ሲሆን ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ አምስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ማስከተብ ይከብዳታል፤ አሥር ቤተሰቦች በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ግን ለሁሉም ይቀላል። በመጠጥ ውኃ የሚሰጠው ክትባት በክሎሪን ስለሚሞት በቀጥታ ከቧንቧ በተቀዳ ውኃ አይበጥበጥ። የጊዜ ሰሌዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያውጣው፤ የጉምቦሮ ክትባትንም በዚያው እንጠይቅ።

ቦታንም በተመለከተ እውነቱን መናገር አለብን። ወሎ ሰፈር ድሮ ከወሎ የመጡ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሰፍረው ሲኖሩበት የነበረው ዓይነት ሰፊ ጓሮ ዛሬ ጥቂት ነው። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በተካሄደው መልሶ ማልማትም ብዙ ቤተሰቦች ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ቤተሰብ ዶሮ መስጠት ለእርሱም ለጎረቤቱም ችግር መስጠት ነው። እንዲህ ላለው ቤተሰብ እንቁላል የመሰብሰብና የመሸጥ ሥራ ይስማማዋል። ጓሮ ያላቸውም በ1 ካሬ ሜትር ከአምስት ወይም ከስድስት ትልልቅ ዶሮ አያብልጡ፤ ሰውና ዶሮ በአንድ ክፍል አይደሩ፤ ዶሮ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ እርባታ በከተማም ትኩረት አግኝቷልና በየወረዳው ያሉትን የከተማ ግብርና ባለሙያዎች ምክር መጠየቅ ይጠቅማል።

ከሚፈለፈሉት እኩሌታ ያህሉ አውራዎች እንደሚሆኑም አንርሳ። እነርሱ ለዒድ፣ እንዲሁም ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለሚያከብሯቸው ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ገበያ እንዲደርሱ ወራቱን ወደ ኋላ ቆጥሮ እንቁላል ማስገባት ብልህነት ነው። በዐቢይ ጾም ደግሞ የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል፤ በዚያ ወቅት እንቁላሉ ለማስፈልፈያና ለልጆቹ ምግብ ቢውል ይሻላል።

ለለጋሾች የምናቀርበው አደራ እንግዲህ ይህ ነው። ከሣጥኑ ዋጋ በፊት የቤተሰቡን ቀለብ፣ ከዚያም የቆጡን፣ የክትባቱንና የስምንት ሳምንቱን መኖ ወጪ አስቡ። ሣጥኑ በመጨረሻ ይምጣ፤ እርሱም በአንድ ታማኝና መብራቱ አስተማማኝ በሆነ ቤት ተቀምጦ ለብዙ ቤተሰቦች ያገልግል። ዘካ ለባለመብቱ በእጁ የሚሰጥ ሐቅ በመሆኑ የጋራውን መሣሪያ ከሰደቃ መግዛት ከጥርጣሬ ያድናል። የቲም ሁሉ ደግሞ ድሃ አይደለም፤ ዘካ የሚገባው በድህነቱ ነውና ይህን ከዑለማዎች ጋር ተመካከሩበት። ሪፖርት ስትጠይቁም «ስንት ተፈለፈለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «በ60ኛው ቀን ስንቱ በሕይወት አለ?» በሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብም የገባውን፣ የተፈለፈለውን፣ የሞተውንና የተሸጠውን የሚጽፍበት ደብተር ይኑረው።

ለእናቶችና ለአሳዳጊዎችም አንድ ቃል አለን። ዶሮው ለልጁ ነው እንጂ ልጁ ለዶሮው አይደለም። እንቁላል ለማገላበጥ ተብሎ ከትምህርት ቤትም ሆነ ከመድረሳ የሚቀር ልጅ አይኑር። ከሚጣለው እንቁላልም አስቀድሞ የልጁ ድርሻ በሣህኑ ላይ ይቀመጥ፤ ወደ ገበያ የሚሄደው የተረፈው ነው።

ጫጩትን ማስፈልፈል የ21 ቀን ሥራ ነው፤ የቲምን ማሳደግ ግን የዓመታት። ሁለቱንም የሚያበላሻቸው መጀመሪያውን አድምቆ መጨረሻውን መርሳት ነው። ከጀመርናቸው ጋር እስከ መጨረሻው የምንቆይ ያድርገን።

አላህ (ሱ.ወ.) ሰደቃችሁን ይቀበል፤ ለየቲሞቻችን ቤት በረካ ያድርግ፤ አደራችንንም የምንወጣ ያድርገን። አሚን።